ሳንቡቁና የቆዳው ሙጫ

ባሕር በሌለበት አገር መርከብ የሚሠራ ሰው መጠርጠሩ አይቀርም። እኔ ግን ሰው ሳይጠረጥረኝ በፊት እኔው ጠርጣሪ ነበርኩ። ተፈጥሮዬ ነው፣ ምን ላድርግ! ሁለት ሰዎች ጥግ ይዘው ሲያወሩ ካየሁ ስለ እኔ ይመስለኛል፤ አንደኛው ሳቅ ካለ ደግሞ አለቀ። እናቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ልጅ፣ ጥላህንስ ታምነዋለህ?» ትለኝ ነበር።

ነቀምቴ የመጣሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ የቡና ቀረጥ ጸሐፊ ሆኜ ነው። ከዚያ በፊት ምጽዋ ወደብ ላይ እሠራ ነበር። ሙቀቱ ሊጨርሰኝ ሲል ዝውውር ጠየቅሁ፤ «ቀዝቀዝ ያለ አገር» ብል ወለጋ ደረሰኝ። ከባሕሩ ይዤ የመጣሁት አንድ አመል ብቻ ነው፤ ትንንሽ መርከብ መሥራት። ወደቡ ላይ የተሰበረ ሳንቡቅ የሚጠግን አንድ የመናዊ ሽማግሌ ነበር። ሳንቡቅ ማለት ያ ሸራውን ዘርግቶ ቀይ ባሕርን የሚያቋርጠው የእንጨት መርከብ ነው። ሽማግሌው ሥራ ሲፈታ በክንድ ልክ የሚሆን ሳንቡቅ ይሠራል፤ እኔም ከቢሮ ስወጣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ መጀመሪያ እያየሁ፣ ቀጥሎ ዕቃ እያቀበልኩ፣ በኋላም እየነካካሁ ለመድኩት። ሰው ካርታ ይጫወታል፣ ሰው ይጠጣል፤ የእኔ ሱስ ይኸ ሆነ።

ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ በኩል አንድ ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያናቸው የማይቀሩ የወንጌል አማኝ ነበሩ። «አዴ» እላቸዋለሁ፤ በአገሩ እናት ለሚያህሉ ሴቶች የሚባል የአክብሮት ጥሪ ነው። እሳቸው «ኢልማ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጠዋት ጠዋት በሬን አንኳኩተው «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ «ነጋ» እላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ኦሮምኛዬ ያልቅና በአማርኛ እንቀጥላለን። እሑድ አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር ቀቅለው በቅቤ ሲያሹ እኔን ሳይጠሩ ማዕድ አይቀርቡም። ብቻዬን ለምኖር ሰው ቤት ማለት እሳቸው ነበሩ።

ጠረጴዛዬን መስኮቱ ሥር አስጠጋሁና ሥራዬን ጀመርኩ። የመርከቡ ጀርባ አጥንት መጀመሪያ ይጋደማል፤ አንድ ቀጥ ያለ የዋንዛ እንጨት ነው። የጎን አጥንቶቹ ግራና ቀኝ ይተከሉበታል። ከዚያ በስሱ የተሰነጠቀ እንጨት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ በጋለ ድስት ሆድ ላይ እየተለመጠ በአጥንቶቹ ላይ ይለበጣል። የችኮላ ሥራ አይደለም። ትንሽ ከተጣደፍክ እንጨቱ ጧ ይልና የሳምንቱ ድካምህ ገደል ይገባል። አጥንቱ ብቻ ቆሞ ሳለ አዴ በመስኮት ብቅ ብለው አዩትና «ያ ዋቃ! ኢልማ ኮ፣ ይኸ ዓሣ ነው? ማነው እንዲህ የጋጠው?» አሉኝ። ያን ቀን ሁለታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ያቺ ልጅ የመጣችው ሳንቃው ተለብጦ ሳያልቅ ነው። የአዴ የወንድማቸው ልጅ ናት። በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች ስፌት ታስተምራለች፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አክስቷ ዘንድ ትውላለች። በመስኮቴ አንገቷን አስግጋ «ይኸ ነገር ውሃ ላይ ይሄዳል?» አለችኝ።

«ይሄዳል እንጂ!»

«የት ሊያስኬዱት ነው?»

«ዴዴሳ ወንዝ ላይ።»

«ጉማሬ ይበላብዎታል፤ እርስዎንም ጭምር» ብላ በሳቅ ጥላኝ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ ግን ተመለሰች። ሸራውን ከአቡጀዴ ልቀድ ስታገል አየችኝና ነጠቀችኝ። «የወንድ እጅ! ይስጡኝ እስቲ» አለች። በእጥፍ ቀመቀመችው፣ ማሰሪያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በክር ዘመዘመቻቸው። እሷ ትሰፋለች፣ እኔ ምሰሶውን እሞርዳለሁ፤ አዴ ደጅ ቁጭ ብለው እኛን የማያዩ መስለው ያዩናል። ሸራው ተሰፍቶ ሲያልቅ ነገሩም አልቆ ነበር፤ የመርከቡን ማለቴ አይደለም። «እርስዎ»ም ቀርቶ «አንተ» ሆኛለሁ።

አባቷ አርጆ ይኖራሉ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ቃላቸው የሚከበር ሰው ናቸው። እሷም ቁርጡን ነገረችኝ። «አባቴ እሺ ካሉህ የአንተ ነኝ። እንቢ ካሉህ ግን ልጥለፍሽ እንዳትል፣ እኔም ኮብልዬ አልከተልህም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ከአባቷ ቃል የምትወጣ ልጅ አልነበረችም። እንግዲህ ዕጣዬ አርጆ ላይ ተንጠለጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። የእናቴ አባት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። በእኛ በሸዋ ቀጥቃጭ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ማረሻህን ይስልልሃል፣ ማጭድህን ይሠራልሃል፤ አንተ ግን ልጅህን አትድርለትም። ቡዳ ነው ትለዋለህ፣ ዓይኑ ይበላል ትላለህ። ልጅህ ሆዱን ሲያመው የእሱን ስም እየጠራህ ታስለፈልፋለህ። አባቴ እናቴን ሲያገባ ዘመድ አዝማዱ እንደ ለቅሶ ቤት ከል ለብሶ ተቀምጧል ይባላል። በወለጋም ነገሩ ያው ነው፤ ቀጥቃጩን ቱምቱ ይሉታል፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ ይሉታል፣ ሁለቱም ከሰው ማዕድ ዳር ነው የሚቀመጡት። እኔ ማንንም አልዋሸሁም፤ የጠየቀኝም አልነበረም። ሰው የአባትን ዘር ይቆጥራል እንጂ የእናትን አባት ማነው ብሎ የሚመረምር ብዙ አይደለም።

ይህን የሚያውቅ ሰው ነቀምቴ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። አብሮኝ ቢሮ የሚሠራ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጥ የአገሬ ሰው። ጋሼ ነው የምለው። የእናቴን ቀዬ አብጠርጥሮ ያውቀዋል። ታዲያ የወለጋ ዘመድ የለኝ፣ ሽማግሌ ሆኖ አርጆ የሚሄድልኝ ከእሱ ሌላ ማንን ላገኝ ነው? እያወቅሁ፣ እየፈራሁ ላክሁት። ሁለት የከተማውን ትልልቅ ሰዎች ይዞ ሄደና በደስታ ተመለሰ። «ጥሩ ሰዎች ናቸው። ሃይማኖትህን እንኳ ጌታ ያውቃል ብለው አለፉት። እስቲ እንጠያይቅ ነው ያሉት፤ ወጉ ነው» አለኝ።

«እንጠያይቅ» የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

ከዚያ ወዲህ ነው ነገሩ መለዋወጥ የጀመረው። አዴ ጠዋት በሬን ማንኳኳት ተዉ። ድምፄን ሲሰሙ ከጓዳ ሆነው «ደህና ነህ?» ይላሉ፣ ያውም በአማርኛ። እሑድ የአንጮቴው ቅቤ ግቢውን ሲያውደው ይሸተኛል፤ ጥሪ ግን የለም። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ትታለብ የነበረችውን ላማቸውን ወደ ጓሮ ወሰዷት። «ምነው አዴ?» ብላቸው «እዚያ ጥላ አለው» አሉኝ። በዚያ ዝናብ የምን ጥላ! ልጅቷም ከአባቷ ጥሪ መጣላት ተብሎ እረፍቷን አርጆ ልታሳልፍ ሄደች። ስትሄድ እንኳ አልተሰናበተችኝም፤ በመስኮቱ በኩል እጇን ብቻ ከፍ አድርጋ አለፈች፤ አክስቷ ከኋላዋ ነበሩ።

እኔም በልቤ «አፉን የከፈተው ያ ሰውዬ ነው» አልኩ። ከእሱ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? ቢሮ ውስጥ ሻይ ሲያዝልኝ አልጠጣም፣ ሲያወራኝ ወረቀቴን አገላብጣለሁ። አንድ ቀን ከአንድ የአርጆ ቡና ነጋዴ ጋር ደረጃው ሥር ጠጋ ጠጋ ብለው ሲንሾካሾኩ አየሁ። ደሜ ፈላ። ምሳ ሰዓት ላይ ተከተልኩት፤ ነጋዴውን ተሰናብቶ ወደ ገበያው ወርዶ ጎመን ገዝቶ ቤቱ ገባ። ሌላ ቀንም ተከተልኩት፤ ያን ቀን ደግሞ ጫማውን አስጠርጎ ቤቱ ገባ። ይኸ ሁሉ መጠንቀቁ ነው አልኩ። ንጹሕ ሰው እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይውልም።

በመጨረሻ አልቻልኩም። ቢሮው ሲፈታ በሩ ላይ ቆምኩበት።

«ምን አልካቸው?»

«ለማን?»

«ለአርጆዎቹ! ስለ እናቴ ምን አልካቸው?»

ፊቱ ደም መሰለ። ኮቱን ቀስ ብሎ ለበሰ። «ስማኝ» አለኝ። «የእናትህ አባት ለአባቴ ማረሻ ሲስሉለት አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። ላወራ ብፈልግ ነቀምቴ የገባህ ዕለት አወራ ነበር። እኔ ለአንተ በጭቃ ተላቁጬ አርጆ ሄድኩ፤ አንተ ደግሞ እንደ ሌባ ትከተለኛለህ። ያላየሁህ መሰለህ?» ትቶኝ ወጣ። እኔስ አመንኩት? አላመንኩትም! ለካስ አይቶኝ ነው ጎመን የሚገዛው አልኩ።

ዓይኔን የገለጠልኝ ባለሱቁ ነው። የጉራጌ አገር ሰው ነው፤ ዋናው መንገድ ዳር ክርና ጨርቅ ይሸጣል። የመርከቤን ገመድ ሁሉ ከእሱ ሱቅ ነው የምገዛው። ያን ቀን ክሩን ጠቅልሎ ከሰጠኝ በኋላ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የኔ ጌታ፣ አይቆጡኝ። ያን ሙጫ ቢተዉት።»

«የምን ሙጫ?»

«የቆዳውን ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ነቀምቴ ሱቅ ውስጥ ለመርከብ የሚሆን ኮላ የለም። ከአዲስ አበባ የሚመጣውም የወለጋ ክረምት እርጥበት ያላቅቀዋል። የምጽዋው ሽማግሌ ያስተማረኝ የቆዳ ሙጫ ነበር። የጥሬ ቆዳ ቁራጭ በቆርቆሮ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲፈላ ይቀልጥና እንጨትን ከእንጨት እንደ ሥጋ ያጣብቃል። ቆዳውን የምገዛው ከገበያው ዳር ከሚቀመጡት ፋቂዎች ነው፤ ሌላ ማን ጥሬ ቆዳ ይሸጣል? ሲፈላ ይሸታል፤ ስለሚሸትም ጎረቤት እንዳላስቸግር ብዬ በሬን እዘጋለሁ። ደግሞ የመርከቡን መልሕቅና ሚስማሮች ከየት አመጣለሁ? በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ከሰል አያይዤ፣ በቧንቧ እፍ እያልኩ፣ ብረቱን አግዬ በድንጋይ ላይ ኳ ኳ አደርጋለሁ።

ባለሱቁ ይህንኑ ቆጠረልኝ። «ቆዳ ያፈላሉ። ብረት ይቀጠቅጣሉ። በርዎን ዘግተው። የመንግሥት ጸሐፊ እንዲህ ሲያደርግ አይተው አያውቁም። የአርጆ ሰዎችም መጥተው ጠይቀዋል፤ እዚህ ሱቅ ድረስ መጥተዋል።»

«ቡዳ ነው አሏቸው?»

«እኔ አላልኩም» አለ፣ ዓይኑን ወደ መንገዱ እያደረገ። «እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ። ስለ እንግዳ የሚባለውን እሰማለሁ እንጂ አልናገርም።»

ክው አልኩ። ክሩን እንደያዝኩ ሱቁ በር ላይ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። ማንም ስለ እናቴ አባት አልነገራቸውም! በገዛ እጄ፣ በጨዋታዬ ነው የተጠረጠርኩት። ጠርጥረውም ልክ ሆኑ። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? ጋሼን ያሳደድኩት በከንቱ ነበር፤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ እግዜር ይስጠው «ሂድ ወዲያ፣ ተጠራጣሪ» ብሎ በአንድ ቃል ጨረሰልኝ።

ከእሱ ዘንድ በቀጥታ አዴ ጋ ገባሁ። ጨዋ ልሁን ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

«አዴ፣ እኔ ላምዎን በዓይኔ በላሁ?»

የያዙትን ሰፌድ አስቀመጡ። ያፍራሉም፣ ይፈራሉም። «እኔ በጌታ አምናለሁ። ቡዳ ምናምን የሚባል ነገር አላምንም» አሉ። ሰፌዱን መልሰው አነሱና «ግን ላሚቷ ወተቷን ቀነሰች» አሉ።

«አርጅታ ነዋ!»

«አርጅታም ይሆናል።» ከዚያ እጄን ያዙኝ። እጄን መያዛቸው ገረመኝ። «ኢልማ ኮ፣ ማሎ፣ እባክህ ስማኝ። ወንድሜ ልጁን ሊሰጥህ ይፈልጋል። ያንተን ደግነት እኔው ነግሬዋለሁ። አንድ ቃል ነው የሚፈልገው። ያን ሙጫ ድፋው። መርከቡን ከምጽዋ ገዛሁት በል። ዘመዶችህም አራሽ ናቸው በል፤ አባትህ አራሽ አይደሉም?»

«አራሽ ናቸው።»

«በቃ! ውሸት የለበትም» አሉኝ።

እውነትም የለበትም ነበር። ሙጫውን ደፋሁት። መርከቡ የቀረው ማለስለስና ማቅለም ብቻ ስለነበረ ሙጫ አያስፈልገውም። በብርጭቆ ስብርባሪ ፋቅሁት፤ በብርጭቆ ወረቀት ደጋግሜ አሸሁት፤ ሆዱን በጥላሸት አጠቆርኩት፤ ጎኑን በኑግ ዘይትና በሰም አሸሁት። ኑግ የወለጋ ጸጋ ነው። ጨርቁን እየነከርክ ስታሸው ዋንዛው ማር ማር እያለ ይመጣል፤ በማግሥቱ ደርቆ እንደገና ታሸዋለህ። እንደዚያ የሚያምር መርከብ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሠራሁም። ያን ሁሉ ሳሸው ግን ልቤ አላረፈም። በሩን ከፍቼ ነበር የምሠራው፤ አላፊው ሁሉ እንዲያየኝ። ያለፈው ሁሉ ግን በሌላው መንገድ የዞረ ይመስለኝ ነበር።

የቁርጡ ቀን ከሽማግሌዎቹ ጋር እኔም አብሬ እንድመጣ አባቷ ላኩ። መርከቡን በጋቢ ጠቅልዬ ይዤ ወጣሁ። አዴ «ተወው፣ እዚሁ ይቀመጥ» ቢሉኝ እልህ ያዘኝ። «ያልሠራሁት ከሆነ ምን ያስፈራል?» አልኳቸው። በጭነት መኪና ጋቢና ተጣበን፣ ጭቃው እየያዘን እየለቀቀን አርጆ ገባን።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው በኖራ ተቀብቷል። አባቷ ረጅም፣ ጸጥ ያሉ ሰው ናቸው። ጸሎት አደረጉ። እናቷ ከጓዳው በር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ከበስተኋላቸው ቆማለች፤ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። አባቷ ጋቢውን ገለጥ አድርገው ሳንቡቁን አዩት። ምሰሶውን በጣታቸው ነካ አደረጉ፤ ሸራውን ዳሰሱ። «የማነው ስፌቱ?» አሉ። ልጅቷ «የኔ ነው፣ አባባ» አለች። ፈገግ አሉ። እኔም ልቤ ቀለለኝ።

ወጉ ተጀመረ። የአባቴን፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን፣ እያልኩ እስከ ሰባት ቤት ቆጠርኩ። የሚያገናኘን ዘር እንደሌለ ታወቀ። አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ እያፈሩ ጭምር፣ «አንድ ነገር ብጠይቅ እንዳትቀየሙ። በእናንተ ዘር ውስጥ የእጅ ሥራ ያለው ሰው አለ?» አሉ።

አፌን ሳልከፍት ጋሼ ተቀበላቸው። «የለም! ምን ሲደረግ! በእናትም በአባትም የባላገር ልጅ ነው። እኔ አገሩን አውቀዋለሁ፤ በእግዚአብሔር ስም እመሰክራለሁ!»

ቤቱ ሁሉ ተነፈሰ። እናቷ «ገለቶማ» ብለው አመሰገኑ። አለቀ ማለት ነው። ልጅቷን አገኘሁ ማለት ነው። ጋሼም ለእኔ ብሎ ነፍሱን አስይዞ ዋሸ። ያ የጠረጠርኩት ሰው! ላመሰግነው ሲገባኝ ንዴት እንደ ቃር ወደ ላይ ወጣብኝ። እናቴ በዚያ ቤት መሀል ተቀምጣ «የለችም» የተባለች መሰለኝ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ንዴት ነው።

«አለ» አልኩ።

ጋሼ ጉልበቴን ቆነጠጠኝ።

«የእናቴ አባት ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህንን መርከብም የሠራሁት እኔ ነኝ። ሙጫውን ያፈላሁት እኔ፣ መልሕቁን የቀጠቀጥኩት እኔ። ምጽዋ አልገዛሁትም።»

አንዱ ሽማግሌ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። እኔም ጉድ ፈላ፣ በገዛ አፌ አጣኋት አልኩ።

አባቷ እንደገና ሳንቡቁን ተመለከቱ። «ኖኅም መርከብ ሲሠራ በየብስ ላይ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ጎረቤቱ ሁሉ ምን ያደርጋል ይለው ነበር። ጌታችንም ያደገው በአናጢ ቤት ነው። እኛ ይህንን ሁልጊዜ እናስተምራለን። ዛሬ ጌታ፣ የምታስተምረውን ታምነዋለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ እኔን ነው።» ወደ ልጃቸው ዞረው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ዓይኗን ከመሬት አነሳች። አየችኝ። «ኤ» አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። አባቷ ተነስተው ትከሻዬን ይዘው አቀፉኝ። እኔ ደግሞ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ተጋባን። በሠርጉ ቀን ከማንም ይበልጥ የዘፈኑት አዴ ናቸው። እዚያው ቡርቃ ጃቶ ሰፋ ያለ ቤት ተከራየን። እንደ ሚስቴ ያለች ሰው አላየሁም፤ ሰው በእኔ ላይ ጎርበጥ ያለ ነገር ሲናገር ከሰማች እንደ ነብር ነው የምትነሳበት። አንድ የሠፈር ሴት «ለመሆኑ አትፈሪም?» ብትላት ከቤቷ አስወጥታታለች። ከእኔ ጋር ትስቃለች፣ ከእኔ ጋር ትበላለች፣ አዲስ መርከብ ስጀምር ክሩን በሰም ታሽልኛለች። እኔም፣ እኔ እንኳ፣ ቀስ በቀስ መጠርጠር እየተውኩ መጣሁ። ሰው ሲንሾካሾክ አልፌ መሄድ ጀመርኩ።

ከዚያ ሴት ልጅ ተወለደችልን።

አራስነቱ አልፎ አንድ ቀን ቢሮው ቀደም ብሎ ተፈታና ለምሳ ባልተለመደ ሰዓት ቤት ገባሁ። ሚስቴ ደጁ ላይ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ልጅቷን ታጠባለች። ጀርባዋ ወደ እኔ ነበር። የእግሬን ኮቴ ሰምታ ዞር አለችና፣ እኔ መሆኔን እያየች፣ እጇ በራሱ ተነስቶ ነጠላዋን በልጅቷ ፊት ላይ ሳብ አደረገው።

ለእንግዳ ሁሉ እንዲህ ይደረጋል፤ ነውር የለውም። እኔ ግን እንግዳ አይደለሁም።

ማየቴን አየች። ፊቷ አመድ መሰለ። እጇን እንደ ሌላ ሰው እጅ አየችው። ከዚያ ነጠላውን ከልጅቷ ፊት ላይ ገፍፋ ጣለችው፤ ብድግ ብላ መጣችና ልጅቷን ደረቴ ላይ አስጠጋችልኝ።

«ያዛት» አለችኝ። «ያዛት፣ ልጅህ ናት! እያት!»

ያዝኳት። ሞቃለች፣ ወተት ወተት ትሸታለች፣ በትንንሽ ጣቶቿ ኮሌታዬን ጨምድዳ ይዛለች። ሚስቴ «እያት እንጂ» እያለች ታለቅሳለች። እኔ ግን ልጄን እንዳቀፍኩ ግድግዳውን ነበር የማየው። ምናልባትስ እያልኩ፣ ዓይኔን በልጄ ላይ ማሳረፍ ፈራሁ።